በጆሮ የምትቆጠረው ወፍ

ጣውንት ነበረችኝ። ክብደቷ ከቁራሽ ዳቦ የማይበልጥ፣ መልኳ አቧራ የመሰለ፣ አርሲ ውስጥ አንድ ተራራ ላይ የምትኖር ወፍ ናት። የላቲን ስሟን ባሌ ሞቱማ እንደ ጸሎት በቃሉ ይወጣዋል፤ እኔ ግን ከተጋባን ጀምሮ «ጣውንቴ» ነው የምላት። በየዓመቱ ግንቦት ሲገባ ሻንጣውን ያነሳል። «ወዴት ነው?» ስለው «ጣውንትሽ ዘንድ» ይለኛል። እንዲህ እየተባባልን ሃያ ዓመት ሊሞላን ምንም አልቀረን።

ወርቄ እባላለሁ። ልደታ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ከተደረደሩት የጽሕፈት ሱቆች በአንዱ ውስጥ ክስና አቤቱታ እጽፋለሁ፤ ድሮ በታይፕ፣ አሁን በኮምፒዩተር። ሞቱማንም ያገኘሁት እዚያው ነው። በ1986 ዓ.ም. አንድ ቀጭን ወጣት በእጅ የተጻፈ ማመልከቻ ይዞ ገባ። ጫካ ለመግባት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ምክንያቱ ደግሞ «ወፍ ለማዳመጥ» ይላል። እኔ ውርስና ፍቺ ስጽፍ የምውል ሰው፣ ቀና ብዬ አየሁትና «ወንድሜ፣ ጤና ነህ?» አልኩት። ሳቀ። በነጋታው «ፊደል ስተሻል» ብሎ ተመለሰ። ፊደል አልሳትኩም ነበር።

ሥራው ምን እንደሆነ እስኪገባኝ ጊዜ ፈጅቶብኛል። ወፏ ትንሽ ናት፤ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ውስጥ ስለምትደበቅ በዓይን አትገኝም። የምትታወቀው በድምጿ ነው። ጎህ ሲቀድ ትዘምራለች፣ ፀሐይ ስትወጣ ዝም ትላለች። ስለዚህ ሞቱማ ከተራራው ሥር እስከ ጫፉ ድረስ ቦታ ለይቶ፣ በየዓመቱ በዚያው ወር እዚያው ቦታ እየቆመ ያዳምጣል፤ የሰማውን ይቆጥራል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወፏ ከታች እስከ ላይ ነበረች። ከዚያ የታችኛው ቦታ ዝም አለ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ከእሱ በላይ ያለው፣ ቀጥሎም ሦስተኛው ዝም አለ፤ ጫፉ አጠገብ ያለው ብቻ ቀረ፣ እዚያም የሚሰማው በየዓመቱ እያነሰ ሄደ። ቁጥቋጦው አልተቆረጠም፣ ከብት አልገባበትም፣ ሁሉም እንዳለ ነው። የተለወጠው ሙቀቱ ነው።

«ብርድ ፍለጋ ወደ ላይ እየሸሸች ነው» አለኝ አንድ ቀን።

«ትሽሽ እንጂ፣ አንተን ምን ቸገረህ?» አልኩት።

«ተራራው ያልቃላ» አለኝ። ያን ቀን ምሳዬ አልበላልህ አለኝ።

በዚህ ሥራ ዶክተር ተባለ። ናይሮቢ ተጠርቶ ንግግር አደረገ፤ የውጭ ሰዎች እሱ የቆጠረውን ጠቅሰው ጻፉ፤ ተማሪዎቹ በእሱ ቁጥር ላይ ተነስተው ተመረቁ። በምንኖርበት በአብነት ሰፈር ግን ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል? ጎረምሶቹ ከተራራ ሲመለስ ጠብቀው «ዶክተር፣ ወፍ አለ?» እያሉ ያሾፉበታል። የዶሮ በሽታ ገባ የተባለ ጊዜ ደግሞ ጎረቤታችን እትዬ ቀመሪያ ሁለት ዶሮ እግራቸውን አስረው ይዘው መጡ። የወፍ ሐኪም አለመሆኑን ቢነግራቸው «ታዲያ ምኑን ተማርከው?» ብለውት ዶሯቸውን አንጠልጥለው ሄዱ። እሱ ራሱ ይህን እያወራ ስንት ጊዜ አስቆኛል።

የምንኖረው አጎቱ አቶ ተሰማ የብረት በርና መስኮት በሚሠሩበት ግቢ ውስጥ፣ ከወርክሾፑ ጀርባ ነው። ሞቱማ በልጅነቱ ከአምቦ በኩል መጥቶ እዚያው ነው ያደገው። ዩኒቨርሲቲ ሲማር እንኳ ከሰዓት በኋላ ብረት ይቆርጥ ነበር። ከጠዋት እስከ ማታ መቁረጫው ይጮሃል፣ መዶሻው ይቀጠቅጣል፤ እኛ እየተጯጯህን ነው የምናወራው። ኋላ የልደታ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው ሰዉ ሲበተን፣ ኮንዶሚኒየሙ ሲገነባ፣ ከዚያም የባቡሩ መንገድ ሲቆፈር ጩኸቱ ባሰ እንጂ አልቀነሰም። ጩኸት ሰው ይጎዳል ብሎ ማን ያስባል? ኑሮ ነው ብለን ኖርን።

ልጃችን ሴና በዚያ በቀጭን ድምጿ «አባዬ» ስትለው ዝም ይላት ጀመር። መጀመሪያ ሐሳብ ይዞት ነው አልን። ቆይቶ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ እያለን መሰለኝና ተናደድኩ። «አንተ ሰውዬ፣ የወፍ ድምፅ ከሸለቆ ማዶ ትሰማለህ፣ ልጅህን አጠገብህ ቆማ አትሰማም?» እለዋለሁ። ይስቅና ፀጉሯን ይዳብሳታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የደረሰበትን ከሁላችንም በኋላ ያወቀው እሱ ነው።

2006 ዓ.ም. ሚያዝያ ውስጥ ነው፤ እሑድ ከሰዓት። አቶ ተሰማ እሑድ ስለማይሠሩ ግቢው ጸጥ ብሏል። ሞቱማ ለስብሰባ የሚያሰማውን የወፏን ድምፅ ከድሮ ካሴት ላይ ሊያወጣ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል። ቴፑን ይጫነዋል፣ ወደ ኋላ ይመልሰዋል፣ ድምፁን ይጨምረዋል። «ካሴቱ ጠፍቷል፣ ምንም የለበትም» እያለ ያጉረመርማል። እኔ ጓዳ ሆኜ ሽንኩርት እከትፋለሁ።

«ኧረ ቀንሳት፣ ጆሮዬን በሳችው እኮ» አልኩት።

ዞር ብሎ «ማን?» አለኝ።

«ጣውንቴ ናታ። ይኸው ስትጮህ አይደል እንዴ?»

ሽንኩርቱን ትቼ ስወጣ ቴፑን ጆሮው ላይ ለጥፎ ይዞታል። «አሁንም እየዘመረች ነው?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። «አሁንስ?» አለኝ። አሁንም «አዎ» አልኩት። ቴፑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ሁለት እጁን ጭኑ ላይ ጣለ። እንዲያ ሆኖ አይቼው ስለማላውቅ ፈራሁ።

በነጋታው ጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሐኪሙ ማዳመጫ አጥልቆለት ብዙ ዓይነት ድምፅ አሰማው። «የሄደብዎት ቀጭኑ ድምፅ ነው» አለው። «ወፍራም ድምፅ ደህና ይሰማሉ፤ የሰው ንግግርም በአብዛኛው አለ። ቀጭኑ ግን የለም፤ አይመለስምም። የብረት ሥራ ሠርተው ያውቃሉ?»

ሞቱማ ስለ ብረቱ አልመለሰለትም። «መቼ ነው የጀመረኝ?» አለው።

«እሱን ማወቅ አይቻልም። ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። አሥር ዓመትም፣ ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል» አለው ሐኪሙ።

ቤት ገብተን በሩን ስዘጋ ነው የተነፈሰው። «ወርቄ፣ ዝም ያለው ተራራው ነው ወይስ እኔ ነኝ የደነቆርኩት? ያን ሁሉ ዓመት የጻፍኩት ምንድን ነው?» አለኝ። ውጭ መቁረጫው ይጮሃል። ወጥቼ ያንን መሣሪያ ከነገመዱ ነቅዬ ብወረውረው ደስ ባለኝ፤ ግን እሱም የአቶ ተሰማ እንጀራ ነው፣ ሞቱማም ያደገው በዚያው እንጀራ ነው። መስኮቱን ዘጋሁና አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ምግብ ጠላ፣ ሰው ጠላ። ስብሰባውን አሞኛል ብሎ ቀረ። እንዲህ ሆኖ ሰንብቶ ነው አንድ ጠዋት ከእኔ ቀድሞ ተነስቶ፣ ለብሶ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ያገኘሁት። ዓይኑ በርቷል።

«ወርቄ፣ ምናልባት አለች እኮ» አለኝ። «እኔ ደንቁሬ ነው እንጂ እሷ እዚያው አለች ይሆናል እኮ።»

«ሥራህስ?» አልኩት። «ስምህስ?»

«ይሂድ። ወጥቼ ተሳስቻለሁ እላለሁ። እሷ ካለች የፈለጉትን ይበሉኝ።»

ሰው ደንቆሮ ባደረገኝ ብሎ ሲመኝ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ደስታው ደግሞ ይጋባል፤ እኔም አብሬው ተመኘሁ። አንድ ነገር ግን ግልጽ ነበር። ሄዶ የሚያዳምጥለት ጆሮ ያስፈልገዋል። «ከዩኒቨርሲቲው አንዱን ይዘህ ሂድ» አልኩት። «እነሱ የተማሩት በእኔ ቁጥር ነው፤ ታች የለችም ብለው ነው የሚሄዱት። አንቺ ምንም ብለሽ አትሄጂም» አለኝ። ስለ ወፍ የማውቀው ነገር እንደሌለ ብነግረው አንድ ድምፅ ብቻ መለየት እንደሚበቃኝ ነገረኝ። ካሴቱን ሱቄ ወስጄ ደንበኛ በሌለ ሰዓት እየመላለስኩ ሰማሁት። ሦስት ጊዜ ቆረጥ ቆረጥ ይልና መጨረሻው እንደ መርፌ ይሾላል። በኋላ በእንቅልፌም ይሰማኝ ጀመር።

ግንቦት ላይ ሄድን። ከተራራው ሥር ባለች ትንሽ ከተማ አድረን፣ ሊነጋጋ ሲል የመጀመሪያው ቦታ ላይ ቆምን። ጋቢ ደርቤም ብርዱ አጥንቴ ገባ። «ከሰማሻት ጣትሽን አንሺ» አለኝ በሹክሹክታ። «ቃል እንዳታወጪ፣ ትሸሽብናለች።»

ጎህ ቀደደ። ቁራ ጮኸ፣ ዋኔ ጮኸች፣ ስማቸውን የማላውቃቸው ሌሎች ጫካውን ሞሉት። የእሷ ድምፅ የለም። ሞቱማ ቁጥቋጦውን አያይም፤ የሚያየው እጄን ነው። ያን የመሰለ የልመና ዓይን በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ጣት ማንሳት ምን ከባድ ነገር አለው? ባነሳት ባሌ ደስ ብሎት ይገባ ነበር፣ ይበላ ነበር፣ ይተኛ ነበር። ነገር ግን ሥራዬ የሰው ቃል መጻፍ ነው፤ ያልሰሙትን ሰማን ያሉ ምስክሮች ስንት ቤት እንዳፈረሱ አይቻለሁ። ደግሞስ እሱን በአንዲት ጣት አታልዬ እንዴት አብሬው እኖራለሁ? እጄን ጋቢዬ ውስጥ ጨብጬ ያዝኩት። ፀሐይ ወጣች።

«ነፋሱ ይሆናል» አለኝ። ነፋስ አልነበረም።

በማግስቱ ከፍ አልን። ቁጥቋጦው እንዳለ ነው፣ ለምለም ነው፤ እሷ የለችም። ፈጠን ብለን ከዚያ በላይ ወዳለው ወጣን። እዚያም የለችም። ሞቱማ ትዕግሥቱ አለቀ። «ደህና አድርገሽ አዳምጪ እንጂ፤ ለመሆኑ አንቺስ ትሰሚያለሽ?» ብሎ ጮኸብኝ። በትዳራችን እንዲህ ተናግሮኝ አያውቅም። አልተቀየምኩትም፤ የያዝኩትን ውሃ ሰጠሁት፣ ጠጣ።

ማታ ያረፍንበት ቤት ተቀምጠን ላጽናናው ፈለግሁ። «አየህ፣ አልተሳሳትክም» አልኩት። «ዝም አለ ያልከው ቦታ ሁሉ በእርግጥ ዝም ብሏል። ሥራህ ሥራ ነው።» እውነቴን ነበር፤ የሚያስደስተው መስሎኝ ነበር።

«ብሳሳት ምን ነበረበት፣ ወርቄ?» አለኝ። «አንድ ጊዜ ብሳሳት ምን ነበረበት?» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ለዚያች ለአቧራማዋ ወፍ አለቅሳለሁ ብሎ ማን ያስብ ነበር።

በሦስተኛው ቀን የመጨረሻው ቦታ ላይ ቆምን። ከዚያ በላይ ቁጥቋጦ የለም፤ ራቁቱን የቆመ ድንጋይ ነው፣ ከድንጋዩ በላይ ሰማይ። ሞቱማ እጄን ማየት ትቶ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ሰማዩ መቅላት ሲጀምር፣ ከፊታችን፣ ድንጋይ ቢወረውሩ ከሚያርፍበት በቀረበ ቦታ፣ ሦስት ጊዜ ቆረጥ ቆረጥ አለና እንደ መርፌ ሾለ። ካሴቱ ላይ እንዳለው ነው፤ እንዲያውም ይበልጣል። ክንዱን ነካሁትና ጣቴን አነሳሁ።

ጣቴን አየ። እጁን ከጆሮው ኋላ አድርጎ ወደ ቁጥቋጦው ጎንበስ አለ። ዓይኑን ጨፈነ፣ አፉን ከፈተ፣ እስትንፋሱን ያዘ። ወፏ ደገመች፣ ደጋገመች፤ እኔን ጆሮዬን እየበሳችኝ ነው። እሱ ዓይኑን ገለጠና አልሰማኋትም በሚል ራሱን ነቀነቀ።

«ስንት ናቸው?» አለኝ በሹክሹክታ።

ደህና አድርጌ አዳመጥኩ። የሚመልስላት የለም።

«አንዷ ናት» አልኩት።

«እስክትጨርስ አታውርጂው» አለኝ። አጠገቤ ቆሞ፣ ዓይኑን ከጣቴ ላይ ሳይነቅል አዳመጣት። ክንዴ ሲዝልብኝ በሌላው እጄ ደገፍኩት። ፀሐይ ወጥታ ዝም እስክትል ድረስ አላወረድኩም።