ጓዴን የካድሁበት እሑድ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባለቤቴ አልነገርኋትም፤ ለንስሐ አባቴም አልነገርኋቸውም። ምን ብዬ ልጀምር? «አባ፣ ውሻ በድያለሁ» ብላቸው የሚስቁብኝ እየመሰለኝ ስምንት ዓመት ከሆዴ አሳደርሁት። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ቢቸና ከቤቴ ደጅ ተቀምጬ የጠዋት ፀሐይ ስሞቅ፣ ዓይኔ ከደን ሲል፣ ከጉሙ ውስጥ አንድ ቀይ ውሻ እያነከሰ ወደ እኔ ይመጣል። ዓይኔን ስገልጥ የለም። ስከድን ደግሞ ይመጣል። ሕልም ይሁን ትዝታ እኔም አልለየሁትም።

ስሙ ጓዴ ነበር። ከቡችላነቱ ጀምሮ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ልክ እንደ ሰው ሥራ ስሄድ እስከ መንገዱ ሸኝቶኝ ይመለሳል፤ ስመጣ ከዚያው ቆሞ ይቀበለኛል። ቂም የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ጠዋት ተናድጄ በረገጥሁት እግሬ ላይ ከሰዓት በኋላ አገጩን ጥሎ ይተኛል። እኔ በአንዲት ክንድ ወሰን ከወንድሜ ጋር ስድስት ዓመት ተኳርፌ ኖሬያለሁ። አንድ ቀን ጓዴን እያየሁ በራሴ አፈርሁና ሽማግሌ ሳልልክ ሄጄ ታረቅሁ። እንግዲህ ይህን ያስተማረኝ ውሻ ነው። ታዲያ ይህን ሁሉ የተማርሁ ሰውዬ ምን ሠራሁ?

ሰኔ ገብቶ ነበር፤ ካፊያው አያቋርጥም። በዚያ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሰበካ ጉባኤ ምርጫ ነበር፤ እኔም ከታጩት አንዱ ነበርሁ። አልዋሽም፣ ሹመቱን ፈልጌዋለሁ። በፊተኛው እሑድ ከምእመናኑ ፊት ተነሥቼ፣ «ውሻውን ሳያስር የሚመጣ ሰው ለቤተ ክርስቲያን ክብር የለውም» ብዬ የገሠጽሁት እኔው ነበርሁ። በዚያ ጠዋት ግን ጓዴን ማሰር ረሳሁ።

ከቅዳሴ ስንወጣ ጓዴ ደረጃው ላይ ነበር። ጫማችንን አውልቀን ከተውንበት፣ የእኔን ጫማ ከሆዱ ሥር አድርጎ ተኝቷል። ሰው ተንጫጫ። ዘበኛው ዱላውን ይዞ መጣ። አንድ አረጋዊ ቄስ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙት።

«ቆይ፣ አትምታው። የማን ነው ይህ ውሻ? ጌታው ካለ ጠርቶ ያውጣው።»

አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። «ና» ብዬ ብጠራው ይመጣ ነበር። ጓዴም አየኝና በጭራው ደረጃውን ሁለት ጊዜ መታ። ከአጠገቤ የቆመ ጎረቤቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ የእርስዎን ውሻ አይመስልም?» አለኝ።

«የኔማ ከቤት ታስሯል» አልሁ።

አልሁ። ይህ አሁን የሚናዘዘው አፍ ነው ያለው። ዘበኛው መታው፣ አልሸሸም። ደገመው፣ አልሸሸም። ጫማዬን ለማን ትቶ ይሂድ? ሦስተኛው ዱላ የኋላ እግሩን ሲያገኘው ነው ጮኾ የወጣው። እኔም ጫማዬን አላነሣሁም። ባነሣው ጌታው ይታወቃላ! በምርጫውም ተመረጥሁ። በባዶ እግሬ ጭቃውን እየረገጥሁ ስሄድ «ምነው?» ሲሉኝ «ስለት አለብኝ» አልሁ። ሰዎቹም ትሕትናዬን አደነቁልኝ።

ጓዴ ቀድሞኝ ገብቶ ነበር። ሲያየኝ ሊነሣ ሞከረና ወደቀ። ባለቤቴ እግሩን በነጠላዋ ቅዳጅ እያሰረችለት፣ «አየህ የሰው ክፋት! ምን አደረጋቸው ብለው ነው እንዲህ የሰበሩት?» አለችኝ። እኔ የእግሬን ጭቃ እታጠብ ነበር።

ይህም አልበቃኝም። አንካሳ ውሻ ከደጄ ከታየ ውሸቴ መውጣቱ አይደለም? በሳምንቱ በጭነት መኪና ጭኜ፣ በግንደወይን በኩል ሞጣ ወስጄ ለአክስቴ ልጅ ሰጠሁት። ለባለቤቴም «እዚያ ሰፊ ግቢ አለ፣ ይሻለዋል» አልኋት። እሷም አመነችኝ።

በዓመቱ ለልቅሶ ሞጣ ሄድሁ። ወደ አክስቴ ልጅ ግቢ ስገባ ይጮህብኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ቢነክሰኝ እንኳ ደስ ባለኝ። እሱ ግን እያነከሰ መጥቶ አፍንጫውን ከመዳፌ ውስጥ ከተተ። ጎንበስ ብዬ አለቀስሁ። ስመለስም እስከ መናኸሪያው ተከተለኝ። የጠዋቱ ጉም ገና አልተገፈፈም፤ ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ስቀመጥ እሱም ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ ሽቅብ ያየኛል። ከጎኔ የተቀመጠች ሴት በመስኮት አየችውና፣ «ውይ ሲያሳዝን! አባባ፣ ውሻው የእርስዎ ነው?» አለችኝ።

ምርጫ የለ፣ ቄስ የለ፣ ዱላ የያዘ ዘበኛ የለ። ሴትዮዋ ማን እንደሆንሁ እንኳ አታውቅም።

«አይ፣ የዚሁ አገር ውሻ ነው» አልኋት።

ጓዴ ከሁለት ዓመት በኋላ እዚያው ሞጣ ሞተ። እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር ማለት የእሱ ነበር፤ እሱማ ገና ዱላው ሳያርፍበት ይቅር ብሎኛል። ብዙ ጊዜ «ሰው ነኝ፣ ለክብሬ ፈርቼ ነው» እያልሁ ራሴን ላጽናና ሞክሬያለሁ። ለቢቸናው ይህ ያስኬድ ይሆናል። በሞጣው መናኸሪያ ግን የሚያስፈራኝ አንድም ነገር አልነበረም። እዚያ የካድሁት መካድ ለምዶብኝ ነው።