በወንድሜ አፍ የመለስሁት መልስ

ይህ የሆነው ካቻምና ኅዳር ላይ ነው። ወደ ጉሊቴ የምሄደው የልጄ የሥራ ውል በተፈረመበት ሕንፃ ፊት ስለሆነ አንድም ቀን ረስቼው አላውቅም። እኔ ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርሁም፤ የማነበውም ፊደል እየለቀምሁ ነው። የጻፍሁት ቢንጋደድ አንባቢ ይታገሠኝ።

የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ከመራዊ የሚመጣ ሽንኩርትና ቲማቲም እየተረከብሁ እሸጣለሁ። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት፤ መቅደስ። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ማርኬቲንግ ተምራ ተመረቀች። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ያለ ሥራ ተቀመጠች። መጨረሻ ላይ ከጓደኛዋ ጋር ጠባብ ሱቅ ተከራይተው የሠርግ ጥሪና ጉርድ ፎቶ ማተም ጀመሩ።

በከተማችን አንድ ትልቅ የማስታወቂያ ድርጅት አለ። ስሙን አልጽፍም። በየአደባባዩ የቆመው ሰሌዳ የእሱ ነው፤ በድምፅ ማጉያ የምትዞረው መኪና የእሱ ናት፤ የሱቁን ታፔላም፣ የምርቃቱን ባነርም የሚያትመው እሱ ነው። ትንንሾቹ ማተሚያ ቤቶች የሚኖሩት ከእሱ በተረፈው ነው። የልጄም ሱቅ እንደዚያው ነበር።

ይህ ድርጅት ልጄን ለሥራ ፈተናት፤ አለፈችም። ጉሊት ያሉት ሴቶች ሲሰሙ፣ ልጅሽ ቲማቲም አስይዛ ሰሌዳ ላይ ትሰቅልሻለች ብለው ሳቁብኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ውስጤ ግን ፈርቶ ነበር።

የፈራሁት ስለ ውሉ ነግራኝ ነው። አንደኛ፣ ከዚያ ድርጅት የወጣ ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ እዚሁ ከተማ ያንኑ ሥራ እንዳይሠራ ይፈርማል። ሁለተኛ፣ ዋስ ያስፈልጋል። ልጅቱ የውል ጊዜዋን ሳትጨርስ ብትሄድ ወይም የሰጧት ዕቃ ቢጠፋ የሚጠየቀው ዋሱ ነው። ዋሱም ደመወዝተኛ ሆኖ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ማምጣት አለበት። ለእኔ ለቸርቻሪዋ ማን ደብዳቤ ይጽፍልኛል? ከዘመዶቻችን ደመወዝ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ታላቅ ወንድሜ አያሌው።

ወንድሜ ዘጌ እያለን ከየኔታ እግር ሥር ቁም ጽሕፈት የተማረ ሰው ነው። ወደ ከተማ ሲገባ በዚያው እጁ ታፔላ መጻፍ ጀመረ። በአንድ ወቅት የባሕር ዳር መድኃኒት ቤቱም፣ ምግብ ቤቱም፣ የጣና ጀልባውም ስሙ በእሱ ብሩሽ የተጻፈ ነበር። እኔን ያሳደገኝ በዚያ ሥራ ነው። በኋላ ይህ ድርጅት የባነር ማሽን አመጣ። በሁለት ክረምት ውስጥ ወንድሜን የሚጠራው ሰው ጠፋ። ብሩሾቹን በጨርቅ ጠቅልሎ አስቀመጠና አንድ ኮሌጅ ጥበቃ ሆኖ ተቀጠረ።

እንግዲህ ይህን ሰው ነው፣ ሥራህን ለወሰዱብህ ሰዎች ዋስ ሁንልን የምለው።

መቅደስ ሦስት ቀን አሰበች። በሦስተኛው ቀን ሽንኩርት እየለቀምን ሳለ፣ “እማዬ፣ ካልገባሁ ሱቃችን እስከ ፋሲካ አይደርስም። ከገባሁ ደግሞ መውጫ የለኝም” አለችኝ። ሽንኩርቱን መልቀሜን ቀጠልሁ። ቆየት ብላ፣ ዋሱ ካልተገኘ አዲስ አበባ እሄዳለሁ አለች። በዚያ ሰሞን በጸጥታው ምክንያት መንገዱ ይዘጋ ነበር። መራዊ ድረስ እንኳ የሄደ መኪና እስኪመለስ ድረስ መንገድ መንገዱን እናይ ነበር። ልጄ በዚያ መንገድ ስትሄድ ታየኝና ሽንኩርቱ ከእጄ ወደቀ።

“አጎትሽን እኔ እጠይቀዋለሁ፤ አንቺ እንዳትሄጂ” አልኋት።

በማግሥቱ ጠዋት ኮሌጁ ድረስ ሄድሁ። ከበሩ ማዶ፣ ዛፉ ሥር ቆሜ አየሁት። የደንብ ልብሱን ለብሶ ተቀምጧል፤ ፊት ለፊቱ እንግዳ የሚመዘገብበት መዝገብ ተዘርግቷል። አንዲት ልጅ ልትገባ ስትል ስሟን ጠይቆ ጻፈው። ሲጽፍ አይቸኩልም። እያንዳንዱን ፊደል እንደ ብራና ጽሕፈት አቁሞ ነው የሚጽፈው። ልጅቱ ሰዓቷን ታያለች፤ እሱ ይጽፋል።

ያን እጅ ሳይ የተጠቀለሉት ብሩሾች ትዝ አሉኝ። ምን ብዬ ልጀምር? ብዙ ቆሜ ሳላነጋግረው ተመለስሁ።

ቤት ስደርስ መቅደስ በር ላይ ጠበቀችኝ።

“ምን አሉ?”

“አይሆንም አለ” አልሁ።

ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ያን ጊዜ ለወንድሜ ያዘንሁለት መስሎኝ ነበር። እውነቱን ስናገር ግን የፈራሁት ለእሱ ብቻ አልነበረም። ልጄ ያን ወረቀት እንዳትፈርምም ፈርቼ ነበር። እንዳትሄድም፣ እንዳትገባም ፈልጌ ነበር። እንዴት እንድትኖር እንደፈለግሁ አትጠይቁኝ።

መቅደስ አላለቀሰችም። “ልክ ናቸው” ብላ ብቻ ገባች። ዋስ እንድታቀርብ ድርጅቱ የሰጣት ቀን ማክሰኞ ያበቃ ነበር። ቅዳሜ ልብሷን ማጠብ፣ ቦርሳዋን መጥረግ ጀመረች። ያቺን ቦርሳ ባየሁ ቁጥር እውነቱን ልናገር እልና ወደ ጓዳ እገባለሁ።

ሰኞ ረፋድ ላይ ወንድሜ ጉሊቴ መጣ። በሥራ ቀን መጥቶ አያውቅም። የቲማቲም ሣጥን ገልብጦ ተቀመጠና ገበያተኛው እስኪሄድ ጠበቀ።

“መቅዲ ትናንት ከቅዳሴ በኋላ ቤቴ መጥታ ነበር” አለኝ። “ጉልበቴን ሳመችኝ። ‘ዋስ አልሆንም ስላሉኝ አልተቀየምሁም ጋሼ፣ ልሰናበትዎ ነው የመጣሁት’ አለችኝ።”

የያዝሁትን ቲማቲም አስቀመጥሁ።

“ምን አልሃት?” አልሁት።

“ምን እላታለሁ? ሐሳቤን ለውጫለሁ፣ ማክሰኞ አብረን እንሄዳለን አልኋት።”

ቀና ብዬ ላየው አልቻልሁም።

“ጥሩዬ፣ ያን ቀን ዛፉ ሥር ቆመሽ አይቼሽ ነበር” አለኝ። “ትመጫለሽ ብዬ ሻይ አዝዤልሽ ጠበቅሁ። እኔን ሳትጠይቂ ለምን በእኔ አፍ መለስሽ?”

ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጎተትሁ። እሱ ደግሞ አልተቆጣም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። “አልዋሽሽም፣ በዚያ በር ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ” አለ። “ግን ማሽኑ እነሱ ጋ ባይመጣ ሌላ ሰው ጋ መምጣቱ አይቀርም። ልጅቷ ምን አደረገች?” ከዚያ ተነሥቶ፣ ለእሷ ምንም እንዳልነግራት አዘዘኝና ሄደ። “ሸክሙ ለእኔ ቀላል ነው፤ አጎት ነኝ። አንቺ ግን እናቷ ነሽ” አለኝ።

ማክሰኞ ሦስታችን ሄድን። ወንድሜ ነጭ ጋቢውን ለብሷል። ወለሉ ከማንጸባረቁ የተነሣ በጫማዬ መርገጥ አሳፈረኝ። ወረቀቱን ያቀረበልን ጎልማሳ ጨዋ ሰው ነው፤ ወንበር ሰጠን። ግን የኮሌጁን ደብዳቤ አይቶ፣ ጥበቃ የሚለውን አንብቦ መሰለኝ፣ የጣት አሻራ ማድረጊያውን ቀለም ወደ ወንድሜ ገፋ አደረገለት።

“አባባ፣ አውራ ጣትዎን እዚህ ላይ” አለው።

መቅደስ ልትናገር ስትል ወንድሜ እጇን ያዘ አደረጋት። “እስክሪብቶ ታውሰኛለህ የኔ ልጅ?” አለው። መነጽሩን አደረገና ውሉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ለእኔ እንዲሰማኝ ብሎ፣ ጮክ እያለ አነበበው። የሁለት ዓመቱ ነገር ላይ ሲደርስ ቆመ።

“መቅዲ፣ ይህ ገብቶሻል?”

“ገብቶኛል።”

“ከወጣሽ በዚህ ከተማ ይህን ሙያ አትሠሪም ነው የሚለው።”

“አውቃለሁ ጋሼ።”

“በራስሽ ፈቃድ ነው? እናትሽን ፈርተሽ አይደለም?”

ወደ እኔ አየች። “በራሴ ነው” አለች።

ያን ጊዜ ፈረመ። ፊርማ አይደለም ያደረገው፤ ስሙን ከነአባቱ አቁሞ ጻፈው። ጎልማሳው ወረቀቱን ተቀብሎ ጽሕፈቱን አየ። የቀለሙን ዕቃ ቀስ ብሎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። “ይህን ጽሕፈት የት ተማሩት?” አለ።

“ዘጌ” አለው ወንድሜ።

ስንወጣ ደጁ ላይ ቆሞ የድርጅቱን ትልቅ ታፔላ አንጋጦ አየ። “የ‘ለ’ን እግር አሳጥረውታል” አለ። ስለ እነዚያ ሰዎች ክፉ ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አሁን መቅደስ እዚያው ትሠራለች። ደክሟት ትመጣለች፤ አንዳንድ ቀን ከፍቷት ትመጣለች። ጓደኛዋ ሱቃቸውን ዘግታለች፤ በዚያ ልጄ ታዝናለች። ደግ አደረገች ወይስ ክፉ፣ እኔ አላውቅም። ማታ ማታ በራችንን ስታንኳኳ ስሰማ ግን እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ባለፈው ለልደታ ዘመድ ተሰብስቦ ሳለ መቅደስ ለሰው ስታወራ፣ ጋሼ መጀመሪያ እንቢ ብለውኝ ነበር፣ በኋላ ራሩልኝ አለች። እንግዶቹ ወንድሜን አዩት። እሱ መሬት መሬት እያየ ፈገግ አለ። ያልሠራውን ኃጢአት ሁለት ዓመት ተሸክሞልኛል፤ እኔ እዚያው ተቀምጬ እንጀራዬን ቆረስሁ።

ይህን ደብተር ላይ የጻፍሁት በገዛ እጄ ነው። በኮምፒውተር አትማ ለአንባቢ እንድትልክልኝ የምሰጠው ለመቅደስ ነው። እሷ ጽሑፍ ስትገለብጥ ቃል አትዘልም። ልጄ፣ እዚህ ድረስ ከመጣሽ እንግዲህ አውቀሻል። አጎትሽ እንቢ አላለሽም። ተነሥተሽ ወደ እሱ ሂጂ፤ እኔ ቤት ሆኜ እጠብቅሻለሁ።