ቀዩ ሞተርና ያልተነገረው መርዶ

ባለፈው ሳምንት እዚህ አሜሪካ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ቀይ መብራት ይዞን ቆመን ሳለ፣ አንድ ሞተረኛ በመኪኖቹ መሀል ተሹለክልኮ መጥቶ ከፊታችን ቆመ። «እብድ ነው» አለች ባለቤቴ። እሷ እኔን ያወቀችኝ መኪና ከገዛሁ በኋላ ነው።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከእናቴ ከእትዬ አልማዝ ጋር እዚያው ፌርፋክስ አቅራቢያ አንዲት ጠባብ አፓርታማ ተከራይተን እንኖር ነበር። ታላቅ ወንድሜን ከቀበርን ገና ሁለት ዓመት አልሞላንም፤ እናቴ የቀረኋት እኔ ብቻ ነበርኩ። እንዲህ ሆኜ ሳለ ነው እንግዲህ አንድ ቀይ ሞተር ሳይክል የገዛሁት። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ተቆጣኝ። የእድራችን ዳኛ ጋሼ ታደሰ፣ ፌርፋክስ ላይ የቅመማ ቅመም ሱቅ የነበራቸው ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ አህያ እንኳ አራት እግር አላት፤ ይሄ ያለው ሁለት ነው» አሉኝ። ሳቅኩ። ወጣት ሲመከር መሳቅ ይወዳል።

በሰኔ ወር አንድ የዕረፍት ቀኔ፣ ለእናቴ «ባሕሩን አይቼ እመጣለሁ» ብያት፣ ቆሎ በኪሴ ጨምሬ ብቻዬን ወጣሁ። ሳንታ ሞኒካ ስደርስ ባሕሩ በጭጋግ ተሸፍኖ ድምፁ ብቻ ይሰማ ነበር። ማሊቡን ሳልፍ ጭጋጉ ተገለጠ። በግራዬ ውሃ፣ በቀኜ ገደል፤ መንገዱ ሲጠመዘዝ እኔም አብሬው እጠመዘዛለሁ። አንዴ የጨው ሽታ፣ አንዴ የባሕር ዛፍ ሽታ ይመጣል። ባሕር ዛፍ እያልን ስንጠራው ኖረን፣ ዛፉንና ባሕሩን ጎን ለጎን ያየኋቸው ያን ቀን ነው። አሜሪካ ከገባሁ ጀምሮ ማንም «ቶሎ በል» ያላለኝ የመጀመሪያው ቀንም እሱ ነበር። ደስ ባለኝ ቦታ ቆሜ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ቆሎዬን ቆረጠምኩ። ኦክስናርድ አካባቢ ከእርሻ ዳር እንጆሪ ገዛሁ፤ ፀሐይ ያሞቀው፣ ጣት የሚያቀላ እንጆሪ። እስከ ሳንታ ባርባራ ሄጄ ዞርኩ። ደስታ የሚገድል ቢሆን ኖሮ ያን ቀን እሞት ነበር።

ስመለስ ማሊቡ ሳልደርስ መንገዱ ተዘግቶ መኪናው ተሰልፏል። አደጋ ነው ተባለ። ሞተሬን አቁሜ፣ ሳር ላይ ተቀምጬ እንጆሪዬን እየበላሁ ጠበቅኩ።

የቀረውን የሰማሁት በኋላ ነው። ወርቁ የሚባል ያገራችን ልጅ ታክሲ ይነዳ ነበር። መንገዱ ከመዘጋቱ በፊት በዚያ ሲያልፍ፣ የወደቀ ቀይ ሞተርና በአንሶላ የተሸፈነ ሰው አየ። በቀጥታ ወደ ጋሼ ታደሰ ሱቅ ሄዶ የእትዬ አልማዝ ልጅ ሞተ ብሎ ተናገረ። ወዲያው ሱቁ በሰው ሞላ። አንዳንዶቹ አሁኑኑ ሄደን እናርዳት አሉ።

«ፊቱን አይተሃል?» ብለው ጠየቁት ጋሼ ታደሰ።

«ኖ፣ ከቨር አድርገውታል። ሞተሩ ግን የሱ ነው ጋሼ፣ ሹር ነኝ።»

«እንግዲያው እስኪነጋ ማንም ትንፍሽ እንዳይል። መርዶ በማለዳ ነው የሚነገረው። ይቺ ሴት ዛሬን እንኳ ትተኛ።»

ሰው ከሐዘኑ ጋር ረጅሙን ሌሊት እንዳይጋፈጥ ተብሎ የወጣ የድሮ ደንብ ነው። ያወጣውን ሰው ነፍሱን ይማርልኝ። የእድሩ ሴቶች ግን እናቴ ብቻዋን እንዳታመሽ፣ በሰበብ አስባቡ እየተጠራሩ ቤታችን ገቡ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ፌርፋክስ ደረስኩ። የተረፈኝን እንጆሪ ለጋሼ ታደሰ ልሰጣቸው ሱቃቸው ፊት ቆምኩ። ወርቁ እግረኛ መንገዱ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ጋሼ ታደሰ ሄልሜቴን በገዛ እጃቸው አውልቀው ጉንጬን፣ ግንባሬን ዳበሱኝ። እጃቸው በርበሬ በርበሬ ይሸት ነበር።

የሆነውን ነግረውኝ ሲያበቁ «ሂድ ግባ» አሉኝ። «እናትህ ምንም አልሰማችም። እንዳትነግራት።»

ቤት ስገባ አንዷ ሴት ወደ ማድቤት ሮጠች፤ ሌላዋ በነጠላዋ አፏን ያዘች። እናቴ ቀና ብላ አየችኝና፣ «መጣህ? እጅህን ታጠብ» አለችኝ። ሞተሩን በሳምንቱ ሸጥኩት።

ጋሼ ታደሰ ካረፉ ቆይተዋል። እናቴ ሰማንያ አልፏታል፤ ጋርዴና ባለው ቤታችን ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። ያን ሞተረኛ ያየሁ ዕለት ማታ፣ ይህን ሁሉ ዘመን የደበቅኳትን አጠገቧ ተቀምጬ ነገርኳት።

«አውቄ ነበር» አለች። «ያን ሁሉ ሴት ያለ ነገር ሰው ቤት ይሰበሰባል?»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅሻቸውም?»

«ብጠይቃቸው ይነግሩኝ ነበራ።»

ጉልበቷን ስሜ «ተመስገን ነው እማዬ» አልኳት።

«ተመስገን። ያኛው የሞተውም ግን እናት ነበረችው። ሴቶቹ በማግስቱ ነገሩን ካወጡልኝ ጀምሮ ጧፍ ሳበራ ለሱም አበራለሁ። ስሙን ስለማላውቀው ‹የመንገዱ ልጅ› እለዋለሁ። ካንተ ስም ቀጥሎ ነው የምጠራው።»

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ሁለት ጧፍ ያዘችና አንዱን ሰጠችኝ። «የሱን ዛሬ አንተ አብራለት፤ እኔ እጄ ይንቀጠቀጣል» አለች። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሳመሰግን የኖርኩት ስለ ራሴ በሰላም ቤት መግባት ነበር። ጧፉን ለኩሼ ቆምኩ። ቢተርፍ ኖሮ ይሄኔ እንደኔ ሸብቶ ነበር።