የሰሚራ ወተትና የኦክላንዱ ፍሪጅ

ሳን ሆዜ፣ ቅዳሜ ጠዋት

ከሳን ሆዜ ኦክላንድ መሄድ ደግሞ ጉዞ ተብሎ ይጻፋል ወይ የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ መንገዱ ካልተዘጋ አንድ ሰዓት አይፈጅም። ግን እትዬ ዘሀራን ከፊት፣ ሁለት ድስት፣ የገንፎ ዱቄት፣ አብሽና አንድ የብርጭቆ ማሰሮ ሙሉ ቅቤ ከኋላ ጭኖ የሄደ ሰው ደሴ ደርሶ የመጣ ያህል ቢያወራ አይፈረድበትም።

የምንሄደው ታናሽ እህቴን ሰሚራን ልንጠይቅ ነው። ሰሚራ የምትኖረው ስቶክተን ነው። በሰባት ወሯ ወለደች፤ ልጇን ነቢልን ኦክላንድ ወዳለ የሕፃናት ሆስፒታል በአምቡላንስ ወሰዱት። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ጥቂት ቀን አብሯት ሰንብቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። ለእሷ ከሆስፒታሉ አጠገብ ባለ የበጎ አድራጎት ቤት ክፍል ሰጧት። የታመሙ ልጆች ቤተሰቦች ልጃቸው እስኪሻለው ድረስ በነፃ የሚያርፉበት ቤት ነው።

ጭንቀቷ ወተቷ ነው። ነርሶቹ እንዲህ ላለ ሕፃን የእናት ወተት መድኃኒት ማለት ነው ብለዋታል፤ የእሷ ግን እየነጠፈ ነው። "ሰይዶ፣ ፓምፕ ሳደርግ ጠብታ ነው የሚወጣው። ሊደርቅብኝ ነው" ብላ ስታለቅስ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌው ነበርና እትዬ ዘሀራ ሰሙ።

እትዬ የእናታችን ታላቅ እህት ናቸው። አሜሪካ ከገቡ ቆይተዋል፣ አሜሪካ ግን እሳቸው ውስጥ ገና አልገባችም።

"ማን አለ ከእሷ ጋር?" አሉኝ።

"ክፍል ተሰጥቷታል እትዬ፣ ጥሩ ቤት ነው።"

"ክፍል መቼ ጠየቅኩህ! አራስ ብቻዋን ትተኛለች ወይ ነው ያልኩህ!"

"አዎ፣ ብቻዋን..."

"ያ ረቢ! እና ወተቱ ከየት ይምጣ? ከግድግዳው?"

በዚህ ንግግር ጉዞው ተወሰነ። የኤርፖርት ሹፌር ነኝና የቅዳሜውን ሥራ ለጓደኛዬ ሰጠሁ።

በ880 አውራ ጎዳና ላይ

ፍሪሞንት ስንደርስ መንገዱ ጥርቅም ብሎ ተዘጋ። እትዬ ግራና ቀኝ የቆመውን መኪና አዩና "ይሄ ሁሉ ሰው አራስ ጠያቂ ነው?" አሉ። ቀልዳቸው ይሁን የምራቸው እስከ ዛሬ አላወቅኩም። መኪናው ውስጥ የቅቤው ሽታ ከበደኝና መስኮት ዝቅ አደረግኩ።

"ዝጋ! ነፋስ ይመታሃል።"

"እትዬ፣ ካሊፎርኒያ እኮ ነው።"

"ነፋስ ፓስፖርት አይጠይቅም።"

ዘጋሁት። ሃይዋርድ ላይ ነዳጅ ልቀዳ ስወርድ ብቻ ነው አየር ያገኘሁት። የነዳጅ ሽታ እንዲያ ጣፍጦኝ አያውቅም።

ኦክላንድ፣ ቤቱ

ቤቱ በር ላይ ነፃ ፓርኪንግ አለ። በኦክላንድ ነፃ ፓርኪንግ አግኝቼ ስለማላውቅ አላመንኩም፤ ሰፈሩን ሁለት ጊዜ ዞሬ ተመልሼ እዚያው አቆምኩ። ውስጡ ሰፊ ሳሎን፣ የልጆች መጫወቻና ብዙ ምድጃና ሁለት ፍሪጅ ያለው የጋራ ኩሽና አለ። ኃላፊዋ ሊንዳ የምትባል ፈገግታ የማይለያት ሴት ናት። ሳል ወይም ትኩሳት እንዳለን ጠየቀችን። ስተረጉምላቸው እትዬ የጤናው ጥያቄ ሰላምታ መሰላቸውና "አልሐምዱሊላህ፣ እናንተስ ደህና ናችሁ? ልጆች ደህና ናቸው?" ብለው የሊንዳን እጅ ያዙ።

"ስንት ያስከፍላሉ?" አሉኝ በጆሮዬ።

"ምንም።"

"ምንም? ምን ውለንላቸው?"

"በጎ አድራጎት ነው እትዬ።"

ትንሽ አሰቡና አንዱን ድስት ከእጄ ወስደው ለሊንዳ አስታቀፏት። "ሰው ቤት ባዶ እጅ አይገባም። ንገራት" አሉ። ነገርኳት። ሊንዳ ድስቱን እንደታቀፈች "ኦ፣ ታንክ ዩ!" ብላ ቀረች።

ሰሚራ ስትወርድ ሳያት ደነገጥኩ። ፊቷ ገርጥቷል፣ ፀጉሯ እርጥብ ነው፣ ስስ ቲሸርት ለብሳ በባዶ እግሯ ናት። እትዬ የራሳቸውን ሻሽ ፈተው ጠመጠሙላት፣ ከዚያ አቀፏት። ሁለቱም አለቀሱ። እኔ ወንድ ነኝ ብዬ ወደ መጫወቻው ዞርኩ።

ኩሽናው

አብሹ ሲፈላ ቤቱ በሙሉ ታወደ። ሊንዳ አፍንጫዋን ቀስራ መጣችና "ፓንኬክ የሚጋግር ማነው? የፓንኬክ ማር ሸተተኝ" አለች። ማንም ፓንኬክ እንዳልጋገረ ስነግራት ቅር አላት። ከዚያ አየር ይግባ ብላ መስኮቱን ከፈተችው። እትዬ ምድጃውን ትተው ሊዘጉት ሲነሱ ሌላ እጅ ቀደማቸው።

እጁ ሉፔ የሚባሉ የሜክሲኮ እናት እጅ ነበር። የልጅ ልጃቸው ልቡን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ከሴት ልጃቸው ጋር ከሳሊናስ መጥተው እዚያው አርፈዋል። መስኮቱን ድርግም አድርገው ዘጉና ወደ አንገታቸው እያመለከቱ በስፓኒሽ አንድ ነገር ተናገሩ። የኔ ስፓኒሽ "ስንት ሻንጣ አለዎት" ከማለት አያልፍም።

እትዬ ግን "አየህ? ይሄ ነው ሰው!" አሉኝ። "ነፋስ ይመታታል ነው የሚሉት።"

"በምን አወቁ?"

"ሌላ ምን ይላሉ?"

ከዚያ በኋላ ሊንዳ ትከፍታለች፣ ሁለቱ ይዘጋሉ። ሉፔ በቀረፋ ያፈሉትን የበቆሎ አጥሚት አመጡ፣ እትዬ የገብሱን ገንፎ አቀረቡ፣ ሰሚራ መሃል ተቀመጠች። አንዷ ስታጎርስ ሌላዋ ታጠጣለች። "ኢናፍ! በቃኝ፣ ጠገብኩ!" ትላለች ሰሚራ፤ ሁለቱም እንግሊዝኛ አይገባቸውም፣ አማርኛውን ደግሞ እትዬ አልሰማም አሉ። ከወለደች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ አየኋት።

ነገሩ የተበላሸው አንደኛው ፍሪጅ ሲከፈት ነው። እትዬ ቅቤያቸውን ሊያስገቡ ከፍተው ትንሽ ጠርሙስ አዩ። ታቹን ብቻ የሸፈነ ወተት አለው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ወተቴ ነው እትዬ" አለች ሰሚራ። "የሁለት ቀን ነው። ነገ ለነቢል እወስድለታለሁ።"

"እዚህ? ገቢና ወጪው እያየው?"

"ችግር የለም፣ ስሜ ተጽፎበታል።"

"ስሟንም ጽፈውበታል!" ብለው ወደ እኔ ዞሩ። "ዓይን አድራሻ ጠፍቶት ሊቸገር ነበር፣ ጻፉለት!"

ሰሚራ የቤቱ ደንብ እንደሆነ አስረዳቻቸው። የስም ስቲከር የሌለው ነገር ሁሉ እሁድ ጠዋት ፍሪጁ ሲጸዳ ይጣላል። እትዬ "እሺ የኔ እናት" አሉ። እትዬ ዘሀራ እሺ ሲሉ መፍራት እንዳለብኝ ማወቅ ነበረብኝ። እኔ ግን እሳቸውን ሰሚራ ክፍል ትቼ እዚያው አጠገብ አላሜዳ ከተማ ጓደኛዬ ቤት ሶፋ ላይ ላድር ሄድኩ።

እሁድ

ሆስፒታል ልገባ ነው ብዬ ኮት ለብሼ ስመጣ ሰሚራ የተከፈተ ፍሪጅ ፊት ቆማ ታለቅሳለች። ጠርሙሱ የለም።

"ማን ወሰደው ሰይዶ? ያቺኑ ጠብታ ማን ወሰዳት?"

እትዬን አየኋቸው። ወንበር ላይ ቁጭ ብለው መሬት መሬት ያያሉ።

"እትዬ፣ ምን አደረጉት?"

"በጥቁር ፌስታል ጠቅልዬ ከታች ሸሸግኩት" አሉ ቀስ ብለው። "ዓይን እንዳይገባው ብዬ። አሁን የለም። ወተት የሚጥል ሰው ይኖራል ብዬ በምን ላስብ?"

ፍሪጁን ያጸዱት በጎ ፈቃደኞች ሥራቸውን ጨርሰው ሄደዋል። ኮቴን አወለቅኩና ጓሮ ያለውን የቆሻሻ በርሜል ገለበጥኩ። ፓስታ አለ፣ ግማሽ ፒዛ አለ፣ ስሙን የማላውቀው አረንጓዴ ነገርም አለ። እስከ ክርኔ ገባሁ። ሊንዳም ጓንት አጥልቃ መጥታ አጠገቤ ተንበረከከች። ጥቁር ፌስታል የለም።

ሉፔ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እኔ በርሜል ውስጥ፣ ሰሚራ እንባ ውስጥ ነበርን። ሰሚራን አዩ፣ ፍሪጁን አዩ፣ ግንባራቸውን መታ አድርገው ሳቁ። ከዚያ ሁለተኛውን ፍሪጅ፣ የራሳቸውን መደርደሪያ ከፈቱና ከባቄላ ድስታቸው ጀርባ ጥቁሩን ፌስታል አወጡ። አፉ በቀይ ክር ታስሯል፤ በላዩ ላይ "ሉፔ" የሚል ስቲከር ተለጥፏል።

ሴት ልጃቸው በእንግሊዝኛ አስረዳችን። እናቷ እትዬን ሲሸሽጉ አይተዋቸዋል፤ ለምን እንደሚሸሸግ ማንም ሳይነግራቸው ገብቷቸዋል። እነሱም ዘንድ ዓይን አለ፤ ቀይ ክር ይታሰርበታል። ያለ ስቲከር እንደሚጣል ስለሚያውቁ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዳቸው በፊት የራሳቸውን ስም ለጥፈው ወደ ራሳቸው መደርደሪያ አዛወሩት።

እትዬ ተነስተው የሉፔን ሁለት ጉንጭ ሳሙ፣ ደግመው ሳሙ። "አንቺ የእናቴ ልጅ ነሽ" አሏቸው። ሉፔም በስፓኒሽ የሆነ ነገር መለሱ። መተርጎም አላስፈለገም።

ያቺን ወተት ሆስፒታል ስናደርስ ነርሷ በቀጭን ሲሪንጅ ጠብታ ሳታስቀር መጠጠቻት። ነቢል በመስታወት ሳጥኑ ውስጥ ከክንዴ አጥሮ ተኝቷል። በቀጭኗ ቱቦ ወተቱ ሲወርድለት አፉን አንቀሳቀሰ። ትንሽ ልጅ ሳለሁ አለቅስ እንደነበረው አለቀስኩ፣ መጫወቻም አልነበረም የምዞርበት።

ከሰዓት በኋላ ድርድር ተደረገ። ሊንዳ፦ መሸፈን ይቻላል፣ ግን ሽፋኑ ላይ ስም ይጻፍ። እትዬ፦ ስም አይጻፍም። በመጨረሻ በክፍል ቁጥር ተስማሙ። "ዓይን የክፍል ቁጥር አያነብም" አሉ እትዬ። ከሻሻቸው ጫፍ ቆርጠው፣ ከሉፔ ቀይ ክር ተቀብለው፣ ለጠርሙሱ በልኩ ሽፋን ሰፉለት።

ሰኞ፣ መመለስ

እትዬ አልተመለሱም። ሊንዳ አንድ ዘመድ ከእናትየው ጋር መሰንበት ይችላል አለች፤ ሰሚራም እጃቸውን ለቀቅ አላደረገችም። ሉፔ በባዶው ድስቴ ውስጥ በበቆሎ ቅጠል የተጠቀለለ ትኩስ ምግብ ሞሉልኝ። ከሰው ቤት ባዶ እጅ እንደማይወጣም ያውቃሉ ማለት ነው።

ብቻዬን ስለሆንኩ መስኮቱን እስከ ታች ከፈትኩ። ሃይዋርድ ሳልደርስ አንገቴን ቀዘቀዘኝና ዘጋሁት። ፍሪሞንት ላይ መንገዱ እንደገና ቆመ፤ የሚጨቀጭቀኝ ጠፍቶ ጭር አለብኝ። ስንነሳ እትዬን አድርሼ መመለስ ብቻ ነበር ሐሳቤ፤ ሰሚራ ቤት አላት፣ ሐኪም አላት፣ ሌላ ምን ጎደላት ብዬ ነበር። ለካ ቤቱ ጣሪያውን ይሰጣል እንጂ በግድ የሚያጎርስ ሰው ከየቤቱ መምጣት አለበት። ሰው ያጣችውን ደግሞ ሉፔ አይተዋትም።

ቤቴ ገብቼ ድስቱን ሳስቀምጥ ስልኬ ጮኸ። የእትዬ ድምፅ ነው። "ሰይዶ! ሰሚራ ፎቶ ልትልክልህ ነው። ማሻአላህ ሳትል እንዳትከፍተው!"

አልኩና ከፈትኩት። ሁለት ጠርሙስ ነው፣ ሁለቱም እስከ አንገታቸው ሞልተዋል። አንዱ የእትዬን ሽፋን ለብሷል፣ ሁለተኛው ሽፋን ሳይደርሰው ራቁቱን ቆሟል። "ሽፋኑ አልበቃ አለ" ብላ ጽፋለች።

ባለቤቴ ፈቲያ ከኩሽና እጇን እየጠራረገች መጣች። "ምን ያስቅሃል? እስቲ አሳየኝ" አለች።

ራቁቱን የቆመውን ጠርሙስ በአውራ ጣቴ ሸፈንኩት።

"መጀመሪያ ማሻአላህ በይ" አልኳት።