አምፕሊፋየሩና የእኔ ቴፕ

የልጄ ልጅ ጊታር የተማረችው ከሰው አይደለም፤ ከእኔ ቴፕ ነው። ቴፑን የገዛው ሟቹ ባለቤቴ ነበር። ትራክተር ነጂ ስለነበር ሲያርስ ከመቀመጫው ጎን አስሮት ይውላል፤ ሲመለስ አቧራውን እፍ፣ እፍ ብሎ ያስረክበኛል። ከካሴቶቹ መካከል እስከ ዛሬ ከቤቴ ያልወጣው አንድ ነው፤ የአንድ ዝነኛ ሱዳናዊ ጊታሪስት ካሴት። በዚያን ጊዜ ከሱዳን ገዳሪፍ ጎንደር የሚመላለስ የጭነት መኪና ሁሉ እሱን እያሰማ ነበር የሚያልፈው። የጊታሩ ድምፅ ወፍራምና ዝግ ያለ ነው፤ ከእንቅልፉ ገና የነቃ ሰው የሚያወራ ይመስላል። ልጅቷም ከቴፑ ሥር ቁጭ ብላ፣ የጊታሯን ክር በእሱ ልክ እያላላች፣ ጣቷ እስኪደድር ድረስ ለመደችው።

ዘንድሮ ሃያ ዓመት ሞላት። መተማ ዮሐንስ ላይ ሰርግ የሚያጫውት ባንድ አለ፤ መሪው ኪቦርድ ተጫዋች ነው። ሊወስዳት ፈለገ፤ ግን እንዲህ አላት፦

«እዚህ አገር ሰርገኛ የሚጠይቀኝ የዚያን ሰውዬ ዘፈን ነው። የእኔ አምፕሊፋየር ለኪቦርዱም አልበቃው። የሰውዬውን ድምፅ የሚያወጣ የራስሽን ይዘሽ ቅዳሜ ነይ። ካልሆነ ከገለጉ የሚመጣ ልጅ አለልኝ።»

ሌላም ነገር ይነቅፍባት ነበር። የጊታሯ ድምፅ ሁልጊዜ ከኪቦርዱ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ልምምድ በሄደች ቁጥር ክሩን ጠምዝዞ ያጠብቅባታል፤ እሷ ደግሞ ቤት ስትደርስ መልሳ ታላላዋለች።

ሁለት ፍየል ሸጥን። ፍየሎቹ የእኔ ቢሆኑም ስትጠብቃቸው የኖረችው እሷ ናትና ገንዘቡ የሁለታችን ነው አልኩ። ሌላ የሚሸጥ ነገር አልነበረንም። ከተሳሳትን ሌላ ዕድል የለንም።

ሐሙስ ጠዋት፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ ሶላርና የድምፅ ዕቃ ከሚሸጠው ነጋዴ ሱቅ ደረስን። ነጋዴው ሱዳኖች አያታቸውን እንደሚጠሩት «ሐቦባ» እያለ ነው የሚጠራኝ። ሁለት የጎጃም ልጆች ስልካቸውን ቻርጅ እያደረጉ ከመደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ለአረም ሥራ ወደ ኮኪት የሚወስዳቸውን መኪና የሚጠብቁ ናቸው።

«በቴፔ የምሰማውን የሱዳናዊ ጊታሪስት ድምፅ የሚያወጣ አምጣልን። ከአቅማችን በላይ ያለውን አታሳየን፤ ልጅቷን ታስጎመጃታለህ» አልኩት።

ሦስት አወጣ። አንዱ ጥቁር፣ ሰፊና ከባድ ነው። ሁለተኛው ቁልፉ የበዛ፣ የፈለጋችሁትን ጊታሪስት ድምፅ አስመስዬ አወጣለሁ የሚል ነው። ሦስተኛው ያገለገለ፣ ትንሽ፣ ቡናማ፣ ማዕዘኑ የተላጠ።

እኔ ከመሠረተ ትምህርት አላለፍኩም። ግን በሰሊጥ መጋዘን ብዙ ዘመን አበጥሬአለሁ። ሰሊጥ ገዢ ከጆንያው አፍ አይቶ አይገዛም። ውስጡ ክፍት የሆነ ሹል ብረት ጆንያው ውስጥ ሰክቶ ከመሀል ያወጣል፤ ከመሀል ያወጣውን ደግሞ የሻጩን ፊት ሳያይ ነው የሚፈርድበት። ስለዚህ በርጩማዬን አዙሬ ለዕቃዎቹ ጀርባዬን ሰጠኋቸው።

«እማማ፣ ከዕቃው ጋር ተጣልተዋል እንዴ?» አለ አንደኛው የጎጃም ልጅ።

«ገና ልንጣላ ነው» አልኩት። «አንቺ፣ አንዱንም ሳትነግሪኝ፣ እያቀያየርሽ፣ ያንኑ አንዱን ዜማ ምቺልኝ።»

መታችው። አንዱ ጮኸ። አንዱ እንደ ቆርቆሮ ተንጫጫ። አንዱ ጥሩ ነው ብዬ ጆሮዬን ሰጠሁት፤ ግን ሰውዬው አይደለም። ቦታ አቀያይራ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ዙር መታችው። አሁንም ሰውዬው የለም። ልጅቷ ራሷ፣ «እምዬ፣ አንዱም እሱን አይመስልም» ስትል ድምፅዋ ተሰበረብኝ። ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። ዞር አልኩ።

«ልጄ፣ አንተ የምትሸጠው የሞተ ዕቃ ነው። ከላይ ቀለም ቀብተህ ለድሃ ትሰጣለህ። ሌባ ነህ!»

«ሐቦባ፣ በአላህ!»

«ሌባ!» አልኩ ደግሜ፣ መንገደኛው ሁሉ እንዲሰማ።

የጎጃም ልጆች ስልካቸውን ከቻርጁ ነቀሉ። አንዱ ለጓደኛው፣ «የኛንም ባትሪ ውኃ ሞልቶት እንዳይሆን» ብሎ ሳቀ። ነጋዴው ፊቱ ቀላ፤ ግን አልተሳደበም።

«እኔ የሚያስመስለውን ልሸጥልዎ የምችለው የሚመሰለውን ስሰማ ነው» አለኝ። «ካሴቱንም ቴፑንም ያምጧቸው። አብረን እንስማ።»

የጠየቀው ትክክል ነበርና ሄድኩ። ቴፑን ለሌላ ሰው አላስይዝም፤ ራሴ በነጠላ ጠቅልዬ አመጣሁት። ስመለስ የጎጃም ልጆች ሄደዋል።

ነጋዴው መጀመሪያ ካሴቱን በራሱ ማጫወቻ ከተተው። ጊታሩ ቀጥ ብሎ፣ ጠርቶ፣ ፈጥኖ ወጣ፤ እንደ ጠዋት ውኃ።

«ይኼ ማነው?» አልኩት።

«የእርስዎው ሰውዬ ነዋ።»

«ማጫወቻህ ያጣድፈዋል።»

«እሺ፤ ስልኬ ላይም አለ።» ስልኩን ከፈተ፤ ያው ፈጣኑ ነው።

«ስልኩም ያንተ ነው። ከሱቁ ውጪ የሆነ ምስክር እፈልጋለሁ» አልኩና ጎረቤቱን ልብስ ሰፊ ጠራሁት። እሱም ከስልኩ ያንኑ ዘፈን አወጣ። ሦስቱም አንድ ናቸው። በመጨረሻ ካሴቱን በእኔ ቴፕ አስገባነው። የማውቀው ሰውዬ መጣ፤ ወፍራሙ፣ ዝግ ያለው፣ እንቅልፋሙ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሌሎቹ አጠገብ ስሰማው እንደ ታመመ ሰው ሆነብኝ።

ነጋዴው በቀጭን መፍቻ የቴፑን ሆድ ከፈተው። የሰሊጥ ገለባና አፈር እጁ ላይ ፈሰሰ። ካሴቱን የሚያዞረው ላስቲክ ላልቶ እንደ አሮጌ መቀነት ተንጠልጥሏል።

«ላስቲኩ ሲላላ ይዘገያል፤ ሲዘገይ ድምፁ ይወርዳል» አለ በቀስታ። «አፈሩ ደግሞ ያፍነዋል። ሐቦባ፣ እርስዎ የለመዱት ሰውዬውን አይደለም። ቴፑን ነው።»

ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች። የባንዱ መሪ ሲያጠብቅባት፣ እሷ ስታላላ የኖረችው ሁሉ በአንድ ጊዜ ነው የገባት። ቢያንስ ብትቆጣኝ ይቀለኝ ነበር። የነጋዴውን ስልክ አጠገቧ አስቀምጣ፣ አንድ በአንድ ክሮቹን አጠበቀች፤ ጣቷ አዲሱን ልክ እስኪያገኝ ብዙ ሳተች። ከዚያ ሦስቱን እንደገና ሞከረች። ጥቁሩ ሰፊ ነው፤ ሰውዬውን ያወፍረዋል። ቁልፈ ብዙው የሌላ ሰው ድምፅ ብዙ ያውቃል፤ የእሱን ግን አያውቅም። ቡናማው ሲሰማ ልብስ ሰፊው ሳይጠየቅ፣ «አቤት! እሱ ነው» አለ።

ፍርዱን ለልጅቷ ተውኩላት። ከእንግዲህ የእኔ ጆሮ የሚታመን አልነበረም።

«ይኼ ነው፣ እምዬ» አለች።

ገንዘቡን ከሰጠሁ በኋላ ከበርጩማው ተነሥቼ፣ ሌባ ባልኩበት ድምፅ ልክ፣ «ይኼ ሰው ሌባ አይደለም! የተሳሳትኩት እኔ ነኝ!» አልኩ። ነጋዴው አፍሮ፣ «ይብቃዎ ሐቦባ፣ ይቅር ብያለሁ» አለኝ። አልበቃኝም። ስድቤን ሰምተው የሄዱ ሁለት ሰዎች አሉ። መኪናቸው ከተነሣ የነጋዴው ስም ኮኪት ድረስ ጠፍቶ ሊቀር ነው።

በዚያ ሙቀት እስከ መኪና መቆሚያው ሄድኩ። የጎጃም ልጆች ጭነቱ ላይ ወጥተው ተቀምጠዋል።

«እናንተ ልጆች! ነጋዴውን ሌባ ያልኩት በሐሰት ነው። የተበላሸው የእኔ ቴፕ ነው።»

እርስ በርሳቸው ተያዩ። «ማንን ነበር ሌባ ያሉት እማማ? እኛማ ረስተነው ነበር፤ አሁን አስታወሱን።»

«እንግዲያው በትክክል አስታውሱት» ብያቸው ተመለስኩ።

ነጋዴው ላስቲኩን በነፃ ልቀይርልዎ አለኝ። አመነታሁ፤ ባለቤቴ የሚያውቀው ዝግ ያለውን ነበር። ግን ያ ጊታሪስት ስንት ዘመን ሙሉ በእኔ ቤት ከልኩ በታች ሲጫወት ኖሯል። ቀይረው አልኩት።

ቅዳሜ አብረን ሄድን፤ ልጅቷ አምፕሊፋየሩን ወደ ባንዱ መለማመጃ አስገብታ ቆመች። የባንዱ መሪ እንደ ልማዱ ክሩን ሊጠመዝዝ እጁን ሰደደ።

«አትንካው» አለችው። «ኪቦርድህን ምታ።»

መታ። ገጠመ። የሰውዬውን ዜማ ጀመረች፤ መሪው እስኪያልቅ በኪቦርዱ ተከተላት።

«በቃ፣ ለገለጉው ልጅ ደውዬ አትምጣ እለዋለሁ» አለ መሪው።

ዝም ማለት ነበረብኝ። አልቻልኩም።

«ሰምተኸዋል?» አልኩት።

«ማንን?»

«የገለጉውን ልጅ። ና ብለኸው የለም እንዴ? ሳትሰማው ምኑን ትፈርድበታለህ? ይምጣና በዚሁ በእሷ አምፕሊፋየር ይሞክር።»

የልጄ ልጅ ያየችኝን አስተያየት አልረሳውም።

ልጁ ሰኞ መጣ፤ በጭነት መኪና ተንገላቶ፣ ፀጉሩ ሳይቀር በአቧራ ነጥቷል። ገመዱን የሰካችለት እሷ ናት፤ ወደ እኔ ሳታይ። ጥሩ ነበር። እጁ ከእሷ ይፈጥናል። የባንዱ ሰዎች ጀርባቸውን ሰጥተው ሁለቱን እያፈራረቁ ሰሙ። እኔንም ፍረጂ ቢሉኝ እምቢ አልኩ፤ የእሷን እጅ ከጀርባም ለይቼ አውቀዋለሁ። መሪው ብዙ አሰበ። በመጨረሻ፣ «የመጀመሪያው ይፈጥናል። ሰውዬው ግን ሁለተኛው ነው» አለና ዞረ። ሁለተኛዋ እሷ ነበረች። የገለጉው ልጅ ራሱ እጇን ጨበጣት። ቤዝ የሚጫወት ሰው ሲጎድላቸው እንደሚጠሩት ነግረውት ሄደ።

ስንመለስ እሷ አምፕሊፋየሩን፣ እኔ ጊታሩን ይዘናል።

«ቢያሸንፈኝ ኖሮስ?» አለች።

«ዕቃችንን ይዘን ወደ ቤታችን እንሄድ ነበራ።»

«አሁንስ የት እየሄድን ነው?» ብላ ሳትወድ ሳቀች። ከዚያ አምፕሊፋየሩን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። «በሉ፣ በአንድ በኩል ይያዙልኝ። ፍትሕዎ ከብዶኛል።»

ያዝኩላት።