የጎበጠችው ቅጠል

ፎቶው አሁንም ጠርዙ ላይ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። ልጆቼ አይሸትም ይሉኛል። እኔ በዚያ ሽታ ውስጥ ብዙ ዓመት ስለኖርኩ አይጠፋኝም። ባለቤቴ ዲላ ላይ፣ ከገበያው ከፍ ብሎ ፎቶ ቤት ነበረው፤ ፊልም የሚታጠብባትን ጨለማ ክፍል ከመኝታችን የሚለያት አንድ መጋረጃ ነበር።

ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው። ጉም የሞላው ሸለቆ፣ ከማዶ ዛፍ የለበሰ ኮረብታ፣ በግራ በኩል የእንሰት ቅጠሎች ይታያሉ። ሰው የለበትም። አስተውሎ ላየው ግን ከቅጠሎቹ አንዷ እንደ ሌሎቹ አልተዘረጋችም፤ ወደ ውጭ ጎብጣለች።

ባለቤቴ ከደጋ አገር መጥቶ ዲላ የቀረ፣ ሰው ፎቶ በማንሳት የሚተዳደር ሰው ነበር። ጉርድ ፎቶ፣ ሠርግ፣ የተማሪ ምርቃት። የፎቶ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሠዓሊ የሣለው ትልቅ ጨርቅ ተሰቅሎ ነበር፤ ሐይቅ፣ ነጫጭ ወፎች፣ ባለ ፎቅ ቤት። የዲላ ሰው ሁሉ እዚያ ሐይቅ ዳር ቆሞ ተነሥቷል። እምቢ ያለችው እናቴ ብቻ ናት። ከመንደሯ ከኢዲዶ ልትጠይቀን የመጣች ጊዜ ጨርቁን አይታ ሳቀች።

«ይኼ ቤት የማን ነው?» አለችኝ በጌዴኦኛ።

«የማንም አይደል፤ ሥዕል ነው።»

«ታዲያ በማላውቀው ሰው ደጅ ምን ይገትረኛል? ካነሣችሁኝ ከገዛ ደጄ አንሡኝ።»

አባቴ አንድም ፎቶ ሳይኖረው ነው የሞተው። ልጆቼ መልኩን ሲጠይቁኝ ረጅም ነበር ከማለት ሌላ የምለው አልነበረኝም። በእናቴ እንዲህ እንዳይሆን እፈልግ ነበር።

አንድ ጊዜ ወደ ሞያሌ የሚያልፍ መንገደኛ ፊልም ሊያሳጥብ ገባ። ባለቤቴ ፊልሙን እርጥቡን ይዞ ከጨለማው ክፍል ወጣ።

«ነይ እስቲ እዪው። ዛፍ፣ ድንጋይ፣ ወንዝ፣ እንደገና ዛፍ። አንድ ሰው እንኳ የለበትም!»

«ተበላሽቶበት ይሆናል።»

«አልተበላሸም። ሆን ብሎ ነው።»

ከዚያ በኋላ ባለቤቴ እሑድ እሑድ ቤት አይገኝም ነበር። ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ዛፍና ድንጋይ ሊያነሣ ወደ ወናጎ ይሄዳል፤ ዳገት ወጥቶ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ይመለሳል። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው በር ላይ ይጠብቀዋል።

«ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ ድንጋዩ መታወቂያ አውጣ ተባለ?»

«አዎ። ካንተ ይሻላል፤ ሲነሣ ዓይኑን አይጨፍንም።»

በቡና ለቀማ ወቅት ከእናቴ ግቢ ፊት ለፊት ያለውን ሸለቆ ጠዋት በጉም ማንሳት ፈለገ። አብሬው እንደምሄድ፣ እናቴንም ከደጇ እንደሚያነሣልኝ ተስማማን። «እሳቸውን ሳላነሣ አልመለስም» አለኝ። እስከ ይርጋ ጨፌ በመኪና፣ ከዚያ በእግር ሄደን እናቴ ዘንድ አደርን።

ስነቃ ገና በደንብ አልነጋም። ከውጭ የቀይ ቡና ጣፋጭና ኮምጠጥ ያለ ሽታ ይገባል፤ ከጫካው ጉሬዛ ይጮኻል። እናቴ ግቢውን ጠርጋ ጨርሳለች። የደረቀውን የእንሰት ቅጠል በሙሉ ከግንዱ ላይ ቆርጣ ከቤቱ ጀርባ ከምራዋለች። የእሑድ ቀሚሷን ለብሳ፣ ከዲላ የወሰድኩላትን ሻሽ አስራለች። ሻሹን ከሰጠኋት ጀምሮ አጥፋ ስላስቀመጠችው የእጥፋቱ መስመር ይታይ ነበር።

ባለቤቴ ወጥቶ አየና እጁን ራሱ ላይ አደረገ። «እማማ! የደረቀውን እኮ ነበር የፈለግሁት!»

«ምን አለ?» አለችኝ። ነገርኳት።

«ለፎቶ ደጅ አይጠረግም? በዚያ ቆሻሻ አንሥቶኝ ለዲላ ሰው ሊያሳየኝ ነው?»

ስተረጉምለት ሳቀ። ብዙ ጊዜ አልነበረውም፤ ብርሃኑ ከኮረብታው ጀርባ እየወጣ፣ ጉሙ መሳሳት ጀምሮ ነበር። ካሜራውን በሦስት እግር ማቆሚያው ላይ አቆመ። ነፋስ አንዲት የእንሰት ቅጠል እየገፋ የካሜራውን ፊት ይጋርድበታል።

«ይቺን ቅጠል ያዙልኝ!»

እኔ የካሜራውን እግር ደግፌ ነበር። እናቴ የጠቆመውን አይታ ሄደች። ቅጠሏን በሁለት እጇ ወደ ኋላ ሳብ አድርጋ ቆመች።

«ትንሽ ፈቀቅ ይበሉ በያት። ሰው እንዳይገባ።»

ነገርኳት። ፈቀቅ አለች። ካሜራው ቀጭ አለ።

«አሁን ተራው የእርስዎ ነው» አላት። ከበሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጠች፤ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ አፏን ገጠመች። እንደዚያ ኮስተር ብላ አይቻት አላውቅም። ባለቤቴ ፊልሙን የሚያሳልፈውን የካሜራውን ማጠንጠኛ ሳበ፤ አልሄደም። ደግሞ ሳበ።

ፎቶ ቤት እንዲህ ነው፤ ለመታወቂያ የቸኮለ ደንበኛ ሲመጣ ፊልሙ እስኪያልቅ አይጠበቅም። የተነሣው ጨለማ ውስጥ ተቆርጦ ይታጠባል፤ የቀረው ተመልሶ ይገባል። የካሜራው ቁጥርም እንደ አዲስ ፊልም ከዜሮ ይነሣል። ባለቤቴ ቁጥሩን አይቶ ሙሉ ፊልም የያዘ መስሎት ነበር የመጣው። የያዘው ትርፍራፊ ነበር፤ መጨረሻው ሸለቆው ላይ ዋለ።

«ጨረሰ?» አለች እናቴ፣ ከንፈሯን ብዙም ሳታላቅቅ።

ፊልሙ ማለቁን ነገርኳት። ባለቤቴ ቀና ብሎ አላያትም። እሷ ተነሣች፤ በርጩማውን አነሣች።

«ካለቀ አለቀ። ቆጮው ሳይቀዘቅዝ ግቡ» አለች።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዲላ መጣች። ባለቤቴ ካሜራውን አዘጋጅቶ ለመናት፤ አሁንም «ከደጄ» አለች። ለሚቀጥለው ለቀማ ተቀጣጠርን። የሸለቆውን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ አደረግሁላት። ጎንበስ ብላ ብዙ አየችው፤ ኮረብታውን፣ ጉሙን፣ ቅጠሏን። ከዚያ ጣቷን ከፎቶው ውጭ፣ ከቅጠሏ አጠገብ፣ ባዶው ጠረጴዛ ላይ አሳረፈች።

«እኔ እዚህ ነኝ» አለችና ሳቀች።

ለቀማው ሳይደርስ በክረምቱ ሞተች።

 ከወራት በኋላ ባለቤቴ ሠዓሊውን አስጠርቶ ሐይቁ እንዲወርድ፣ በአዲስ ጨርቅ ላይም ይህ ሸለቆ እንዲሣል አደረገ። ሠዓሊው ቅጠሏን አቃንቶ ሣላት።

«ቅጠል እንዲህ አይጎብጥም» ብሎ ተከራከረ።

«ይጎብጣል» አለ ባለቤቴ። እስኪያስተካክላት አጠገቡ ቆመ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው በእናቴ ደጅ ቆሞ ተነሣ፤ ሙሽራም፣ ተማሪም። አሁን ባለቤቴ የለም፤ ፎቶ ቤቱም ጨርቁም የሉም። የልጅ ልጄ ወደ ኢዲዶ ስትወጣ ያገኘችውን ሁሉ በስልኳ ታነሣለች፤ ዛፉን፣ ፏፏቴውን፣ ራሷን። ባለፈው መጥታ ቅድመ አያቷ ምን ትመስል እንደነበር ጠየቀችኝ።

ፎቶውን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አደረግሁላት። ጣቴንም ከጠርዙ ውጭ፣ ከቅጠሏ አጠገብ አሳረፍኩ።