ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር

ይህን እስካለፈው ሳምንት ድረስ ለሚስቴም፣ ለአለቃዬም፣ ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር። በሬዲዮ ጋዜጠኝነት ዘመኔ ስም አዛብቼ፣ ቀን አሳስቼ አውቃለሁ፤ በማግስቱም አርሜአለሁ። ይህኛውን ግን አላረምኩም። የሚታረም የሐሰት ቃል አልነበረበትማ። በደሌም እዚያው ላይ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ድሬ ውስጥ፣ ወደ መልካ ጀብዱ መውጫ ካለ አንድ ጤና ጣቢያ ለዘገባ ሄድኩ። ዶክተር ኢፍቱ የምትባል ጠቅላላ ሐኪም ሥልጠና ወስዳ ተመልሳለች። ሥልጠናው፣ አዲስ የተመረቁ ሐኪሞች ከትልቅ ሆስፒታል ወጥተው ሕዝቡ መሃል ሲሠሩ እንዴት እንደሚደገፉ የሚያስተምር ነው። ዮናስ የሚባል ጀማሪ ሐኪም ይመረምራል፤ እሷ ጥግ ላይ ተቀምጣ ትከታተላለች።

ጉልበታቸውን ያመማቸው ታካሚ አዴ ፋጡማ ግን አላስቻላቸውም። «አንቺ! ልጁ በላብ እስኪጠመቅ ሲለፋ፣ አንቺ ወንበር ልታሞቂ ነው የመጣሽው?»

በድሬ «አንቱ» አይበረክትም። ኢፍቱ ሳቀች፣ ዮናስ ሳቀ፣ አዴ ፋጡማ ራሳቸው ጉልበታቸውን ይዘው ሳቁ። እኔም ስቄአለሁ። ከዚያ ማይክሮፎኑን ወደ ኢፍቱ አስጠጋሁ። ያለችውን ቃል በቃል እነሆ፦

«የእኔ ሥራ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው። ከባዱም እሱ ነው፤ አፌን ቶሎ ከከፈትኩ ልጁ ማሰብ ያቆማል፣ ዓይኔን ከእሱ ካነሳሁ ደግሞ ታካሚው ይጎዳል።»

ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ቆረጥኩት።

ለምን? ሰዓት ጠቦኝ ነበር? አልጠበበኝም። አልገባኝም ነበር? በደንብ ገብቶኛል። «ዝም ብሎ መቀመጥ» በአማርኛችን ሁለት ፊት አለው፤ አፍን ይዞ መቀመጥም ነው፣ ያለ ሥራ መጎለትም ነው። እሷ አንደኛውን ተናገረች፤ እኔ ሌላኛውን አሰማሁ። ሳቃቸውንም ቆርጬ ጣልኩ። የቀረው የአዴ ፋጡማ ጥያቄና «የእኔ ሥራ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው» የሚለው መልስ ብቻ ሆነ። ቀልዱን ክስ አደረግኩት። ከተማው ሳቀ፤ ሰፈሩም «ዶክተር ዝም» ብሎ ስም አወጣላት። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህንንም አልደብቅም።

በማግስቱ ደወለች። ትቆጣኛለች ብዬ መልሴን አዘጋጅቻለሁ፦ «አንቺው ያልሽው ነው።» እሷ ግን ምን አለችኝ?

«ይቅርታ፣ አማርኛዬ ነው ያበላሸው።» ኢፍቱ አፏን የፈታችው በኦሮምኛ ነው። «የልቤን ሳልጨርሰው ቀርቼ መሰለኝ፤ አንተንም አሳሳትኩህ።»

ጨርሳዋለች። አሳምራ ጨርሳዋለች። ሙሉው ቅጂ እጄ ላይ ነበር። እኔ ግን «አይዞሽ፣ ያጋጥማል» አልኳት። ይቅርታ የጠየቀችው እሷ፣ ይቅር ያልኩት እኔ!

ከዚያ ወዲህ ኢፍቱ ሰው ፊት ቆማ በአማርኛ የምትናገረው ከወረቀት እያነበበች ነው። ጣቷን ከመስመሩ አታነሳም። «አቦ፣ ወረቀቱን ተዪው!» ሲሏት «አማርኛ ይከዳኛል» ትላለች። በየስብሰባው ይህን ስትል እየሰማሁ ማስታወሻዬን እጽፍ ነበር። አማርኛ መቼ ከዳት? የከዳኋት እኔ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት ኢፍቱ ጀማሪዎችን የሚደግፉ ሐኪሞችን ስታሠለጥን እንድዘግብ ተላክሁ። አዳራሹ ከመግባቷ በፊት ኮሪደር ላይ አስቁሜያት የጆሮ ማዳመጫ ሰጠኋትና የያኔውን ሙሉ ቅጂ ከፈትኩላት። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ሲደርስ አፏን በእጇ ያዘች። አስደገመችኝ። ደግሞ አስደገመችኝ።

«ወላሂ፣ ይቺ እኔ ነኝ?»

«አንቺ ነሽ። የቆረጥኩት እኔ ነኝ። አውቄ ነው።»

«አንተ ዱርዬ!» ማዳመጫውን ወረወረችብኝ፤ ደረቴን መታኝ። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ወዲያው ግን ከሆዷ የመጣ ሳቅ ኮሪደሩን ሞላው። «ብያለሁኮ! ጨርሼዋለሁኮ! እዩት፣ እንዴት አድርጌ እንደጨረስኩት!» በአጠገባችን የሚያልፉት ሐኪሞች ምን እንደተፈጠረ ሳያውቁ አብረዋት ሳቁ።

ወረቀቶቿን እጄ ላይ ጥላ ገባች። እስከ ምሳ ሰዓት ያለ ወረቀት ተናገረች። አማርኛው ሲጠብባት ኦሮምኛ ጨመረች፣ ኦሮምኛው ሲያልቅባት በሶማልኛ ቀለደች፤ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። መናገር እንዲህ እንደምትወድ አላውቅም ነበር። የከለከልኳት ምን እንደሆነ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ይቅር አላለችኝም፤ እኔም ይቅር በይኝ ብዬ አልጎተጎትኳትም። ሙሉውን ቅጂ ለአለቃዬ ሰጥቻለሁ፤ ይተላለፋል። ያን ቀን ሰምታችሁ የሳቃችሁ ሁሉ ግን ከእኔው እወቁት፦ ሐኪሟ ሥራዋንም ታውቅ ነበር፣ አማርኛም ታውቅ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው።